የመርከብ በረንዳና የጅማ ቤተሰብ፦ ለጋራ ጉዞ ካቢን ስለ መምረጥ

ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች ወጥተው በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትልና በቶሮንቶ የሚኖሩ ቤተሰቦች ከሠርግና ከለቅሶ ውጭ አንድ ላይ የሚሰባሰቡበትን አጋጣሚ ሲያስቡ፣ ከሚቀርቡላቸው አማራጮች አንዱ ክሩዝ ነው፤ ይኸውም መርከቡ ራሱ ማደሪያም፣ መመገቢያም፣ መዝናኛም ሆኖ ተሳፋሪውን ከወደብ ወደብ እያዞረ የሚመልስበት የባሕር ሽርሽር ነው። ለሦስት ትውልድ ጉዞ ይህ አማራጭ የሚናቅ አይደለም፤ ሻንጣ የሚፈታው አንዴ ነው፣ ማዕድ ቤት የሚውል ሰው አይኖርም፣ ከጅማው በቾ ቦሬ ሰፈር የመጡት አያትም ሆኑ እዚያው አሜሪካ የተወለደው የልጅ ልጅ በየአቅማቸው የሚውሉበት ቦታ አያጡም። ክርክሩ የሚነሣው ካቢን፣ ማለትም የመርከቡ መኝታ ክፍል፣ ሲመረጥ ነው፤ ለሁሉም በረንዳ ይገዛ የሚለው ወገንና የለም፣ ገንዘቡ ይቆጠብ የሚለው ወገን ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ግን በረንዳውን የሚለኩት በሚያሳየው ባሕር ነው። ለጅማ ሰው በረንዳ ከዚያ በላይ ሥራ ያለው ነገር ስለሆነ፣ ምርጫውም ከሌላ አቅጣጫ ቢታይ ይሻላል።

ካቢኖች በአራት ወገን ይመደባሉ። ውስጠኛው መስኮት የለውም፤ ባለመስኮቱ ባሕሩን የሚያሳይ፣ ግን የማይከፈት መስታወት አለው፤ ባለበረንዳው በመስታወት በር ወደ ግል በረንዳ ያስወጣል፤ ስዊት የሚባለው ደግሞ የመቀመጫ ቦታና ሰፋ ያለ በረንዳ ይጨምራል። የተለመደው ባለበረንዳ ካቢን ክፍሉ ከ16 እስከ 19 ካሬ ሜትር፣ በረንዳው ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሁለት ወንበርና አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ከገቡበት በኋላ ለሦስተኛ ሰው የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ዋጋው የሚነገረው በካቢን ሳይሆን በነፍስ ወከፍ፣ ያውም በአንድ ካቢን ሁለት ሰው ይተኛል በሚል ስሌት ነው፤ ስለዚህ ብቻውን የሚያድር ሰው የሁለቱን ዋጋ ወይም ወደዚያ የተጠጋ ሊከፍል ይችላል፣ ሦስተኛና አራተኛ ሆኖ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ በቅናሽ ይሄዳል።

በረንዳ በመርከብ ላይ ለረጅም ዘመን የጥቂት ባለጸጎች ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክ የግል መንሸራሸሪያ ሰገነት የነበራቸው ሁለት ማደሪያዎች ብቻ ነበሯት፤ ሌላው ተሳፋሪ ባሕር ለማየት ወደ ጋራው ወለል መውጣት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ የጀመረችው ሮያል ፕሪንሰስ ካቢኖቿን በሙሉ ወደ ውጭ አዙራ፣ ለብዙዎቹም በረንዳ አበጅታ ስትመጣ ነገሩ ተለወጠ፤ ዛሬ በአብዛኞቹ አዳዲስ ትልልቅ መርከቦች ላይ ባለበረንዳው ካቢን የተለመደው ዓይነት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣችው ኦአሲስ ኦቭ ዘ ሲስ ደግሞ በመርከቡ መካከል ወደተተከለ የአትክልት ስፍራ የሚያዩ በረንዳዎች አሏት። ስለዚህ በረንዳ የሚል ቃል በዋጋ ዝርዝር ላይ ስለታየ ብቻ ባሕር ይታያል ማለት አይደለም፤ ከፊት ለፊቱ የነፍስ አድን ጀልባ የተንጠለጠለበት በረንዳም ስላለ፣ የመርከቡን የወለል ካርታ አውጥቶ የካቢኑን ቁጥር በጣት እየተከተሉ ማየት ያስፈልጋል።

የጅማ በረንዳ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው፣ ሰፋፊ የእንጨት በረንዳዎች አሉት፤ በከተማውም ውስጥ ቢሆን በቆርቆሮ ክዳኑ ጠርዝ ሥር በረንዳ የሌለው የድሮ ቤት ጥቂት ነው። በዚህ አገር ዝናቡ ብዙ ነው፤ ሰው ዝናቡ እስኪያባራ የሚቆየው፣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት የሚቀመጠው፣ ቡና የሚለቀመውና ልጅ የሚታጠበው በረንዳ ላይ ነው። በረንዳ ከቤቱ አንዱ ክፍል ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሚለየውም በር ሳይንኳኳ የሚደረስበት መሆኑ ነው፤ ጎረቤት ሲያልፍ ሰላምታ ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ጨዋታውም ከዚያ ይቀጥላል። በመርከብ ላይ ያለው በረንዳ በአንጻሩ የተሠራው ሁለት ሰዎች ከሌላው ተለይተው እንዲቀመጡበት ነው፤ ግራና ቀኙ በመለያ ግድግዳ ተሸፍኗል፣ መግቢያውም በተቆለፈ ካቢን ውስጥ ያልፋል። እንዲህ ያለውን በረንዳ ለ14 ሰው በ7 ካቢን አከፋፍሎ መግዛት ቤተሰቡን ከማሰባሰብ ይልቅ ሰባት ቦታ አስቀምጦ አንድ ባሕር ማሳየት ይሆናል፤ ለዚህ ሲባል ከአህጉር አህጉር መምጣት ግን የሚያሳዝን ወጪ ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አሠራር ነው። በብዙ መርከቦች ላይ ጎን ለጎን ባሉ በረንዳዎች መካከል ያለው መለያ በማጠፊያ የተያያዘ ስለሆነ፣ ካቢኑን የሚያጸዳው አስተናጋጅ ሲጠየቅ በልዩ ቁልፍ ይከፍተዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት በረንዳ ያኔ አንድ ረጅም በረንዳ ይሆናል፣ ወንበሮቹም ይሰበሰባሉ። ይህ ግን በሁሉም መርከብ፣ በአንዱም መርከብ ቢሆን በሁሉም ወለል የሚሠራ አይደለም፤ አንዳንዱ መለያ የመርከቡ አካል የሆነ የብረት ግድግዳ ነውና አይነቃነቅም። ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የተመረጡት ካቢኖች መለያ የሚከፈት መሆን አለመሆኑ በቁጥር ተጠቅሶ መጠየቅ አለበት። ከዚህ ጋር የሚምታታው ሌላ ነገር ማገናኛ በር ያላቸው ካቢኖች ናቸው፤ እነዚህ በውስጥ በኩል ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፍ በር ሲኖራቸው፣ ጎን ለጎን ከመሆን ያለፈ ግንኙነት የሌላቸው ካቢኖች ግን በኮሪደር ዞሮ መግባትን ይጠይቃሉ። ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ማገናኛ በሩ፣ ለአያትና ለታላላቆቹ ልጆች ደግሞ የሚከፈተው በረንዳ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከዚህ የሚከተለው አመዳደብ ለሁሉም በረንዳ ከመግዛት በጣም የተለየ ነው። ሦስት ባለበረንዳ ካቢኖች በአንድ መስመር ይያዛሉ፤ መካከለኛው ለአያት፣ የግራና የቀኙ ለሁለቱ ልጆቻቸው ከነትዳር ጓደኞቻቸው ይሆናል፤ ወጣቶቹና ሌሊት የሚቆዩት በዚያው ወለል ከኮሪደሩ ማዶ በውስጠኛ ካቢን ያድራሉ። ውስጠኛ ካቢን በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኝ፣ ጨለማና ጸጥ ያለ መኝታ ነው፤ ለመተኛት ብቻ የሚገባበት ወጣት የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚቀመጥበት በረንዳ ከማዶው አለለት። የሚቆጠበው ገንዘብ ቀላል አይደለምና አንድ ተጨማሪ ዘመድ ከአገር ቤት የሚመጣበትን የአውሮፕላን ቲኬት ሊያግዝ ይችላል። የመካከለኛው ካቢን ባለቤት ማን ይሁን የሚለው ግን በዋጋ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም፤ በጅማ ቤት ሰው የሚሰበሰበው ታላቅ ሰው ወዳለበት ስለሆነ፣ አያት በመርከቡ ጫፍ ባለ ስዊት ቢከበሩም እንኳ ከልጆቻቸው ከራቁ የተከበሩ አይመስላቸውም።

የአያት ካቢን ሲመረጥ የሚታሰቡት ነገሮች ከእይታ ይልቅ ከእግርና ከሆድ ጋር የተያያዙ ናቸው። መርከብ በማዕበል ላይ ፊቱ ከፍና ዝቅ ሲል እንቅስቃሴው በጫፎቹ ይበረታል፣ በመካከሉ ይቀንሳል፤ ወደ ጎን ሲዋልልም ከላይ ያለው ወለል ከታችኛው ይልቅ ሰፊ ርቀት ይመላለሳል። ስለዚህ ከጊቤ ወንዝና ከቦዬ ረግረግ ሌላ ትልቅ ውኃ አይተው ለማያውቁ ሰው የሚስማማው ካቢን ከመርከቡ ርዝመት መካከል ላይ፣ ከበረንዳ ወለሎችም ዝቅ ባለው ላይ ያለው ነው። ሊፍት ቅርብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከሊፍቱ በር ጋር የተገጠመ ካቢን ግን ሌሊት ጫጫታ አያጣውም። ወደ በረንዳው የሚወጣበት በር ሥር ከፍ ያለ ደፍ አለ፤ ለጤነኛ ሰው ምንም የማይመስለው ይህ ደፍ ከሚያመው ጉልበት ጋር ሲገናኝ በረንዳውን የማይደረስበት ያደርገዋል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ የተዘጋጁት ካቢኖች ሰፊ በርና ዝቅ ያለ መሻገሪያ አላቸው፣ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ግን ቀድመው ይያዛሉ። ሦስተኛው አልጋ ብዙ ጊዜ ከጣራ ወርዶ በመሰላል የሚወጣበት ስለሆነ፣ ለዚያ አልጋ አዋቂን ማሰብ አይገባም። ከላይ የመዋኛ ወለል ወይም ከታች የጭፈራ ቤት ያለበት ካቢንም መተው አለበት፤ አያት ከንጋት በፊት ለጸሎት የሚነሡ ከሆነ የሌሊት እንቅልፋቸው አይደፈርም።

ስለ ልጆች የሚነሣው ሥጋት እውነተኛ ነው። ከአሜሪካ ወደቦች ለሚነሱ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ መከታው ከ42 ኢንች፣ ይኸውም ከ107 ሴንቲሜትር ገደማ፣ እንዳያንስ ያዛል፤ ይህ ቁመት ለቆመ ሕፃን ይበቃል፣ ወንበር ላይ ለወጣ ሕፃን ግን አይበቃም። ሦስት በረንዳ አንድ ሲሆን የሚሰበሰበው ወንበር ከመከታው ርቆ ወደ መስታወቱ እንዲጠጋ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ኩባንያዎች በእያንዳንዱ ካቢን ቢያንስ አንድ 21 ዓመት የሞላው ሰው እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ፤ ወላጆች በአጠገቡ ወይም በማዶው ካቢን ካሉ ለልጆቻቸው ካቢን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ይህም ካቢኖቹ ተቀራርበው የሚያዙበት ሌላ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ የጅማን ቤተሰብ የሚፈትነው የቡናው ጉዳይ ነው። ረጅም በረንዳ ተገኝቶ፣ አያት መካከል ተቀምጠው፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ከሰልና ጀበና የማይታሰበው ሰው አይኖርም፤ ነገር ግን ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ብዙውን ጊዜም የውኃ ማፍያ ጭምር በመርከብ ላይ ክልክል ናቸው። ክልከላው የሰነፍ አስተዳዳሪ ፈሊጥ እንዳይመስል ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2006 ስታር ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ ወደ ጃማይካ ስትጓዝ ሌሊት በአንድ በረንዳ ላይ እሳት ተነሣ፤ በመርማሪዎች ግምት መነሻው በአግባቡ ያልጠፋ ሲጋራ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የበረንዳዎቹ መለያዎች ከፕላስቲክ ዘር የተሠሩ ስለነበሩ እሳቱ ከበረንዳ ወደ በረንዳ፣ ከወለልም ወደ ወለል በባሕር ነፋስ እየታገዘ ዘለለ፤ አንድ መንገደኛ ሞተ፣ ወደ 300 የሚጠጉ ካቢኖችም ተጎዱ። ከታይታኒክ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1914 የተጀመረው፣ ሶላስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት በዚህ አደጋ ምክንያት ተሻሻለ፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2008 ጀምሮ በረንዳዎች ከማይቀጣጠል ቁስ እንዲሠሩ፣ ያ ካልሆነ እሳት ጠቋሚና ውኃ ረጪ መሣሪያ እንዲኖራቸው ተደነገገ። ዛሬ አስተናጋጁ የሚከፍተው መለያ ከዚያ አደጋ የተገኘው ትምህርት የሚታይበት ነው።

ስለዚህ ቡናው በሌላ መንገድ ይፈለግለታል። ከሊሙ ወይም ከጌራ የመጣ፣ አገር ቤት ተቆልቶ ተፈጭቶ በሚገባ የታሸገ ቡና በሻንጣ ይገባል፤ የፈላ ውኃ ከመርከቡ መመገቢያ በፔርሙስ ይመጣል፤ ሲኒውና ረከቦቱ ከቤት ይያዛሉ፣ ፈንዲሻም አይጠፋም። እሳት ላይ ያልተንተከተከ ቡና አቦል ይባል አይባል የሚለው ለባለሙያዎቹ ይተው፤ ቶናና በረካ እስኪደርስ ድረስ ሰው አብሮ የሚቆይበት ሰዓት ግን ከጀበናው ባልተናነሰ የቡናው አካል ነው፣ እሱንም የሚያሟላው ረጅሙ በረንዳ ነው።

በጅማ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲገኙ ማንንም ስለማይገርም፣ ምግቡም ሁለቱን እንዲያስብ ያስፈልጋል። የሐላል ምግብም ሆነ የጾም ምግብ ከመነሻው ሳምንታት በፊት በጽሑፍ ይጠየቃል፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከሚዘጉባቸው ወራት ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው የፍልሰታ ጾም ስለሚገኝበት፣ ቀን ሲመረጥ ይህን ማየት ከመርከብ ላይ ክርክር ያድናል። ለሚሰግድ ሰው ደግሞ በረንዳው ራሱን የቻለ ጥቅም አለው፤ ከካሪቢያን ሲታሰብ ቂብላው በግምት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፣ መርከቡ በተጠማዘዘ ቁጥር ግን ከክፍሉ አንጻር አቅጣጫው ይለወጣልና ወጥቶ ፀሐይዋን ማየት ከተዘጋ ክፍል ይሻላል።

ካቢኖቹን በአንድ መስመር ለማግኘት ቀደም ብሎ መያዝ የግድ ነው። ቁጥሩን ኩባንያው በኋላ የሚመድብበት ርካሽ ዋጋ አለ፤ ለአንድ ባልና ሚስት መልካም ነው፣ ለቤተሰብ ግን አያትን በአንዱ ጫፍ ልጃቸውን በሌላው ሊያደርግ ስለሚችል አይመከርም። ከ8 ካቢን ጀምሮ የቡድን ውል የሚሰጡ ብዙ ኩባንያዎች አሉ፤ ቤተሰቡ ያን ያህል ከሆነ ካቢኖቹ አንድ ላይ እንዲያዙለት በውሉ ያስገባ። ሦስተኛና አራተኛ አልጋም አንዳንዴ ካቢኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ይከለከላል፤ በእያንዳንዱ የመርከቡ ክፍል የሚያድረው ሰው ቁጥር ለዚያ ክፍል ከተመደቡት የነፍስ አድን ጀልባዎች ልክ እንዳያልፍ ስለሚደረግ ነው።

ከካቢን ቁጥር በፊት ግን የፓስፖርት ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ አያት የያዙት ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ መርከቡ ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ጃማይካ ወጥቶ ሲመለስ ዳግመኛ ለመግባት መብት ላይኖራቸው ይችላል። ከሲያትል ተነሥቶ ወደ አላስካ የሚሄደው ጉዞም በአሜሪካ ምድር ብቻ የሚያልፍ ቢመስልም እንዲያ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያላቸው መርከቦች መንገደኞቻቸውን በውጭ ወደብ ሳያቆሙ እንዳያዞሩ ስለሚከለክል፣ መርከቦቹ አብዛኛውን ጊዜ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ይቆማሉ፣ ስለዚህም የካናዳ ቪዛ ጥያቄ ይነሣል። የቀሪው ክፍያ ቀን ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ከ75 እስከ 90 ቀን ቀድሞ የሚደርስ ሲሆን፣ የኤምባሲ ቀጠሮ ግን ከዚያ ሊዘገይ ስለሚችል፣ የአያት ቪዛ በእጅ እስኪገባ ድረስ መካከለኛው ካቢን በሚመለስ ቅድመ ክፍያ ብቻ መያዝ አለበት።