ሃያ ሁለት ወይስ ሃያ ሦስት

እምዬ፣ ሴት አያቴ፣ ፊደል የቆጠረችው ከእኔ ጋር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ 5 ዓመቴ ነበር፤ እሷ ስድሳን ተሻግራለች። ማታ ማታ በቀበሌው አዳራሽ ትምህርት ሲሰጥ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። እኔን የሚይዝላት ስለሌለ ጭኗ ላይ ታስቀምጠኝና አብረን «ሀ ሁ ሂ» እንላለን። አስተማሪው ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ተማሪ ነበር፤ «እማማ፣ እንዲህ ይያዙት» እያለ ጠመኔውን ጣቶቿ መሀል ያስገባላታል።

ሌሎቹ ጎልማሶች የሚማሩት ስማቸውን ለመፈረም፣ ደረሰኝና ደብዳቤ ለማንበብ ነው። የእምዬ ልብ ግን ቤት ነበር፤ ከጎታው በላይ ግድግዳው ላይ፣ በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ ከተሰቀለው የባሏ፣ የወንድ አያቴ፣ ዳዊት ዘንድ።

አያቴ፣ ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር መሬት ተሰጥቷቸው ከሰፈሩት ጡረተኛ ወታደሮች አንዱ ነበር። ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ገዥ የነበሩበት ዘመን ነው። እምዬ ስትነግረኝ፣ ያኔ ዛሬ አስፋልት የሆነው ሁሉ ግራርና ሣር ነበር፤ ማታ ጉማሬው ከሐይቁ ወጥቶ ጓሮ ድረስ ይመጣል። አያቴ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥቶ ዳዊት ይደግማል፤ እሷ እሳት እያቀጣጠለች ትሰማዋለች። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ። እኔ ሳልወለድ እሱ ሲሞት መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ዝም አለ። ዜማው ግን እሷ ጆሮ ውስጥ ቀርቷል፤ ፊደሉ ብቻ ነበር የጎደላት።

ያቺን ማታ አልረሳትም። ማሾውን ወደ መደቡ አስጠጋች፤ ማኅደሩን ፈታች። ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለ ጣቷን በቀዩ ቀለም ላይ አሳርፋ አንዱን ፊደል ከሌላው እያያያዘች ቀስ ብላ ሄደች። ግእዝ አልተማረችም። ግን ፊደሉ ያው የተማረችው ፊደል ነው፤ ድምፁ ደግሞ ስንት ዓመት ጆሮዋ ውስጥ የኖረ ድምፅ ነው። ሦስተኛው ቃል ላይ ስትደርስ ሁለቱ ተገናኙ። ቀና ብላ «ይኸው ነው! እሱ የሚለው ይኸው ነው!» አለችኝ። ከዚያ ማንበቡን ትታ እጇን ገጹ ላይ እንዳሳረፈች ቆየች። እምባዋ ሲወርድ አላበሰችውም። ዘመቻውን ያወጀው የደርግ መንግሥት ለጸሎት ቦታ ያለው መንግሥት አልነበረም፤ እምዬ ግን እስክትሞት ድረስ «ስለ ፊደሉ እግዜር ይስጣቸው» ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ተራ ያዘ። ዳዊት በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ የቀረው ይደገማል፤ እሑድ ደግሞ የነቢያት ጸሎት አለ። እምዬ ሠላሳውን መወጣት ስለማትችል ከየዕለቱ አንድ ሁለት ትመርጣለች። ከተራው ግን አትወጣም። ደስ ብሏትም ከፍቷትም የሰኞው ለሰኞ፣ የሐሙሱ ለሐሙስ ነው። የሰኞዋ ምርጫ 22ኛው ነበር፤ የእረኛው መዝሙር።

ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤታችን እትዬ የሲዳማ ሴት ናት። በልጅነቷ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ከነቤተሰቧ ወንጌላዊት። ይርጋለም ላይ ኖርዌጂያኖቹ፣ እዚሁ ሐዋሳ ደግሞ ስዊድኖቹ ትምህርት ቤት ከፍተው ስለነበር፣ በእሷ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች የተማሩት በዚያው መንገድ ነው። በደርግ ጊዜ የሚያመልኩበት ቤት ታሸገ። ባሏ በስብሰባ ላይ ግራ እጁን አንሥቶ «አብዮቱ ከሁሉም በላይ» አልልም በማለቱ ታሰረ። «ከሁሉም በላይ» የምትለዋን ቃል ለሰው ሥራ አልሰጥም አለ፤ በቃ፣ ወንጀሉ ይኼው ነበር። እትዬ ከአራት ልጆች ጋር ቀረች። መጽሐፍ ቅዱሷን በኮባ ጠቅልላ እህል ማስቀመጫ እንስራ ውስጥ፣ ከገብሱ ሥር ትደብቀዋለች።

ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶም ያኔ ለእምነቱ 7 ዓመት የታሰረ ሰው ነው። መዝሙሮቹ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጡ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። እትዬ ዘንድ አንድ ነበረ። ድምፁ ከቤት እንዳይወጣ ቴፑን በጋቢ ትጠቀልለዋለች፤ እኛ ልጆቹ በጋቢው ላይ ጆሯችንን ለጥፈን እንሰማለን። ከመገልበጥ ብዛት የደከመ ድምፅ ነው፤ ግጥሙን ለመስማት ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ መዝሙር ስሰማ ትንፋሼን እይዛለሁ።

እምዬ ማዕተቧን ያሰረች የገብርኤል ልጅ ናት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀርታ አታውቅም። እትዬን ሰፈሩ «ጴንጤ» ብሎ ቡና ሲከለክላት እምዬ ረከቦቱን በር ላይ አስቀምጣ «ነይ ግቢ» ብላ የጠራች እሷ ናት። ስለ ሃይማኖት አልተከራከሩም ማለቴ አይደለም። ስለ ጾሙ፣ ስለ እመቤታችን ተከራክረዋል፤ አንዳንዴ እትዬ ሦስተኛውን ሳትጠጣ ተነሥታ ትሄዳለች። በማግስቱ ግን ተመልሳ ትመጣለች።

ወንድሜን የወሰዱት በ1978 ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጥቶ ነበር፤ በየዙሩ ሲመለመል ኖሮ ከዚያ ደግሞ ከመንገድ ማፈስ መጣ። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ ብስክሌት አለው። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ያኔ ሰው ሁሉ የሚሄደው በብስክሌት ነበር። ከአሞራ ገደል ሁለት ቆሮሶ ገዝቶ ሲመለስ ያዙት። ብስክሌቷን ጓደኛው እየገፋ አመጣልን፤ ዓሣው በገመድ እንደታሰረ መሪዋ ላይ ተንጠልጥሏል። እምዬ ዓሣውን ተቀብላ፣ አጥባ፣ ጠብሳ ለእኔና ለእትዬ ልጆች አበላች። እሷ አልቀመሰችም።

ኤርትራ ገባ። ደብዳቤ በሁለት በሦስት ወር ይመጣል፤ «ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ» ብሎ ጀምሮ ስለ ብስክሌቷ ጎማ ጠይቆ ያበቃል። መጋቢት 1980 ላይ አፋቤት መያዙ ተሰማ። የሀገር ውስጥ ሬዲዮ አልነገረንም፤ የነገረን በዝግታ የተከፈተ ዶቼ ቬለ ነው። ወንድሜ የነበረበት ግንባር ነበር።

ሰኞ ነው። ሁዳዴ ጾም ስለሆነ እምዬ እህል ከቀመሰች ብዙም አልቆየችም። መብራት ጠፍቷል። እትዬ ወሬውን ሰምታ በጓሮ በኩል መጣች፤ ምንም ሳትል ከሰሉ አጠገብ ተቀመጠች። እምዬ ዳዊቷን አወረደች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ገጹን መግለጥ ስላቃታት እኔ ገለጥኩላት። ጀመረች። ድምፅ አልወጣላትም። እንደገና ጀመረች። የመጀመሪያዋ ስንኝ ላይ ስትደርስ እትዬ ቀስ ብላ በአማርኛ ያንኑ ተከተለች። እምዬ ቆመች።

«ይኼን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ እማማ። ሃያ ሦስተኛው ነው።»

«ምን ሃያ ሦስት! ሃያ ሁለት ነው። ልጅቷ ትይልሽ።»

አየሁ፤ ፳፪ ይላል። እትዬም አልተረታችም፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከነቁጥሩ ያስያዟት ነው፣ እንዴት ይጠፋታል። በዚያ ማታ፣ ልጅ ይሙት ይዳን በማይታወቅበት ሰዓት፣ ሁለቱ ሴቶች ሃያ ሁለት ነው ሃያ ሦስት ነው ተባባሉ። ቀጥሎ እምዬ «በይ አንቺም በይው፣ እኔም ልበለው» አለች። አንዷ በግእዝ አንድ ስንኝ ትላለች፤ ሌላዋ በአማርኛ ትመልሳለች። ስድስቱንም ቁጥር እንዲህ ሄዱ። አንድም ቦታ አልተለያዩም። ሲጨርሱ እምዬ በረጅሙ ተነፈሰች። ሬዲዮው ከተናገረ ጀምሮ እንዲያ ስትተነፍስ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር። «በይ ቡናውን አቅርቢ» አለችኝ።

የቁጥሩን ነገር ያወቅሁት አድጌ ነው። በግእዙ ዳዊት ዘጠነኛ የሆነው መዝሙር በዕብራይስጡ ለሁለት ተከፍሎ 9 እና 10 ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የእኛ ቁጥር በአብዛኛው በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል። የእምዬ 22 የእትዬ 23፣ የእምዬ 90 የእትዬ 91 የሆነው በዚህ ነው። ለሁለቱም ስነግራቸው እትዬ ሳቀች፤ እምዬ ግን «የኛው ነው ልኩ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ሰኞ በኋላ ሰኞን መጠበቅ ጀመርኩ። ሰላም ሲባል ሰው ምሥራች ይጠብቃል፤ ደብዳቤ ይጠብቃል፣ በር እስኪንኳኳ ይጠብቃል። እኛ ቤት የመጣው እንዲያ አይደለም። ደብዳቤ አልመጣም። ሰኞ ግን ይመጣል፤ ሰኞ ሲመጣ ያቺ መዝሙር ትመጣለች፤ እምዬ መደቡ ላይ ትቀመጣለች፣ እትዬ በጓሮ በር ትገባለች። እኔ መዝሙሩ ውስጥ ያለውን ውኃ የሐዋሳን ሐይቅ አድርጌ ነበር የምስለው፤ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ፣ አባ ኮዳዎቹ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ታቦር ተራራ ውኃው ላይ ተገልብጦ ሲታይ። ልጅ ስለነበርኩ ወንድሜም እዚያ ዳር ብስክሌቱን አስደግፎ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1981 የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ሲነበብ ገብርኤል ቅጽር ውስጥ ከእምዬ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሦስቱ ወጣቶች እሳት ውስጥ ተጥለው መልአኩ ሲያድናቸው። «የኔውን ልጅ አውጣልኝ» ብላ ስትሳል እሰማለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። የሰማኋት ግን «ብቻውን አትተወው» ስትል ነው። ሦስት ጊዜ ደገመችው።

የእትዬ ባል በ1982 ተፈታ፤ ጥርሱ ረግፎ፣ ፊቱ ግን በርቶ መጣ። በ1983 ደርግ ወደቀ፤ ወታደሩ በእግሩ፣ በሱዳን በኩል፣ በትግራይ በኩል ወደየቤቱ ተመለሰ። ክረምቱን ሙሉ በሰፈራችን በየሳምንቱ እልልታ ይሰማ ነበር። እምዬ የሌላውን ቤት ልጅ ሁሉ ሄዳ ስማ ተመለሰች። የእኛ አልመጣም። እስከ ዛሬ የሞተበትንም ሆነ ያለበትን የነገረን የለም። የብስክሌቷን ጎማ እምዬ በየጊዜው ታስነፋ ነበር። በ1988 በሰኞ ቀን፣ ዳዊቷን ደግማ ካበቃች በኋላ ዐረፈች።

ዳዊቷ አሁን እኔ ጋ ናት። በሥራ ብዛት ተራዋን የማልጠብቅበት ጊዜ ይበዛል፤ ይኼ ያሳዝነኛል። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ግን ጠብቄያለሁ። ሐዋሳ የተጨነቀችበት ቀን ነው። ሱቁ ተዘግቷል፤ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፣ ጭስ ይታያል። በዚያው ከተማ ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን በየት ወገን ነህ ብሎ የጠረጠረበት ቀን ነው። ልጆቼን ወደ ጓዳ አስገብቼ በሩን ቆለፍኩና ማኅደሩን ፈታሁ። ቀኑ ሐሙስ ነው። የሐሙስ ተራ ከ81 ጀምሮ ነው፤ እየገለጥኩ ሄድኩ።

የጓሮው በር ተንኳኳ። እትዬ ናት። ሰባ አምስት አልፏታል፤ ከዘራዋን ይዛ፣ በዚያ ተኩስ መሀል፣ በአጥሩ ቀዳዳ መጥታለች። እጄን ይዛ ገባች። ልጆቼን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ቆጠረቻቸው። ከዚያ እምዬ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠችና የተከፈተውን መጽሐፍ አየች።

«ዘጠና አንድ ላይ ነሽ?» አለችኝ።

«ዘጠና ላይ ነኝ እትዬ።»

«በይ ጀምሪ» አለች፤ «እኔ እከተልሻለሁ።»