የሚኒሞ 5 ደቂቃ

በ2000 ዓ.ም. ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ የዶዘር ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ሱዳን በፈረንጆቹ 1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች ወዲህ ካርቱም ሲቆፈር ውሎ ሲቆፈር የሚያድር ከተማ ሆኖ ነበር። ኦፕሬተሩ ጢማቸው የሸበተ ሱዳናዊ ነበሩ። እኔ «ዐሚ»፣ አጎቴ፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ያ ወለዲ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል።

የዚያ ዶዘር ጋዝ የእጅ ዘንግ ነው። ዘንጉ የሽቦ ገመዱን፣ ካቮውን፣ ይስባል፣ ካቮው ፖምፓው ላይ ያለውን ጎቨርነር ያዝዛል። ምላጩ አፈር ነክሶ ሞተሩ ሲያቃስት ጎቨርነሩ ናፍታ ይጨምርለታል። የቀኝ እግር ፔዳሉ ደግሞ የመኪና ተቃራኒ ነው፤ ሲረግጡት ጋዝ ይቀንሳል። እኔ ይጨምራል ብዬ ረግጬ ሞተሩ ሲወርድብኝ ክው አልኩ። ዐሚ እጄን ይዘው ዘንጉ ላይ አኖሩና «በመዳፍህ ስማው» አሉኝ። ቀስ በቀስ፣ አቧራ የገባበት ካቮ ሲከብድም ሆነ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት፣ ከጆሮዬ በፊት መዳፌ ይነግረኝ ጀመር።

ማታ ዐሚ ዘንጉን ወደ ሚኒሞ፣ ወደ ሞተሩ ዝቅተኛ ዙር፣ መልሰው 5 ደቂቃ ይቀመጣሉ። የጋለ ሞተር በድንገት ከጠፋ የቱርቦው ዘይት ይቋረጣል፤ ውስጥ የቀረው ዘይት ያርራል፣ ቱርቦውም ይጎዳል። በዚያች 5 ደቂቃ ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል፣ ስለ መንደራቸው ያወሩኛል። እኔ ግን ደክሞኛል፤ ቡናዬ ናፍቆኛል። ዓይኔ ቁልፉ ላይ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ስዑር ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያኑ ለፋሲካ ዶሮ ገዝተናል፣ ዐሚ የረመዳን ጾም ላይ ናቸው። ጠዋት ካርቱም ውስጥ የጦርነት ተኩስ ተከፈተ። ያ ሁሉ የሚጮኽ ከተማ እንደጋለ ጠፋ፤ ሚኒሞ የሚባል አላገኘም። እኔም በገዳሪፍ አድርጌ በመተማ አገሬ ገባሁ። ዐሚን አልተሰናበትኳቸውም። ስልካቸው እስከ ዛሬ አይነሣም።

አሁን አዲስ አበባ ኤክስካቫተር ላይ ነኝ። ጋዙ እንደ ራዲዮ ድምፅ በሁለት ጣት ይዞራል፤ ከ1 እስከ 10 ተጽፎበታል። እጄን ከማንሻዎቹ ባነሣ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ሞተሩ ራሱ ዝቅ ይላል። ናፍታ ይቆጥባል፣ ክንድም አይዝልም፤ አመሰግነዋለሁ። መዳፌ ግን የሚሰማው ነገር የለም።

ማታ ሥራ ስንጨርስ ወደ ሚኒሞ አውርጄ 5 ደቂቃ እቀመጣለሁ። ረዳቴን ስለ እናቱ ጤና እጠይቀዋለሁ። ጨዋ ልጅ ነው፣ «ደህና ናት ጋሼ» ይለኛል።

ዓይኑ ግን ቁልፉ ላይ ነው።