ቁልቁለቱ ሲያምር፣ ዳገቱ ሲመጣ

ከሽሮ ሜዳ ወደ መስቀል አደባባይ ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። ጠዋት በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ በኩል ቁልቁለቱ ይወስደኛል፤ ማታ ያው መንገድ ዳገት ይሆናል። አዲስ አበባ እንደ ባሕር ዳር ሜዳ አይደለችም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል።

ዳገቱንስ ወርጄ እየገፋሁ እወጣዋለሁ። የሚያስፈራኝ ድንገት ዳር የሚይዘው ታክሲና ሳይታይ የሚከፈተው በር ነው። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ሲሠራ ደስ ብሎኛል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ግን ከመኪና ጋር መጋፋት ነው። ክረምት ደግሞ ጎርፉ ጉድጓዱን ይሸፍነዋል።

የ12 ዓመት ልጄ «እኔም በብስክሌት ትምህርት ቤት ልሂድ» ትለኛለች። መስመሩ ትምህርት ቤቷ በር እስኪደርስ «ቆይ» እላታለሁ። እስከዚያው እሑድ እሑድ ሰፈር ውስጥ አብረን እንለማመዳለን።