የድምፁ ቱቦ

ከመኪና ኮፈን ሥር ካሉት ዕቃዎች መካከል ለመኪናው መንቀሳቀስ አንዳች የማይረዳ፣ ለተቀማጩ ጆሮ ብቻ ተብሎ የተገጠመ ቱቦ በአንዳንዶቹ ላይ ይገኛል። ቶዮታና ሱባሩ በጋራ በሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ በቀረበው፣ በአንደኛው ስም ቶዮታ 86 በሌላው ሱባሩ ቢአርዜድ በሚባለው ባለ ሁለት በር መኪና ላይ ይህን ቱቦ ማየት ይቻላል። ሞተሩ አየር ከሚስብበት ወፍራም ቧንቧ ጎን ይነሣል፤ በመካከሉ ስስ ሽፋን የተወጠረበትን አንድ ትንሽ ዕቃ ያልፋል፤ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው የብረት ግድግዳ ላይም ያበቃል። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ አየሩን በኃይል ይስባል፤ የመሳቡ ድምፅ ሽፋኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ ንዝረቱም በቱቦው አልፎ ሹፌሩ ዘንድ ይደርሳል። አየሩ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው ድምፁ ብቻ ነው።

በሻርጃ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ እኛም እንደ ሀገሬው «ሰናዒያ» በምንለው ሠፈር፣ በመካኒክነት ስሠራ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ድምፅ ጨምርልን የሚሉ ወጣቶች በየሳምንቱ መጥተዋል፤ ማርሚታውን ቆርጠህ ጣልልን የሚሉም አልጠፉም። ድምፅ ቀንስልኝ ብሎ የመጣ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያ የወሎ ልጅ ቶዮታ 86ቱን አቁሞ «ጋሼ፣ ይችን ቱቦ አውጣልኝ» ባለኝ ጊዜ፣ መፍቻዬን ከማንሣቴ በፊት ምክንያቱን ጠየቅሁት።

የሥራው ቦታ ሙሳፋህ፣ ከአቡ ዳቢ አጠገብ ነው። የሚያድረው ሻርጃ ነው፤ ኪራዩ እዚህ ይረክሳልና። አንድ መንገዱ ብቻ ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መኪናውን የገዛው ሀገር ለቆ ለመውጣት ከተጣደፈ ሰው በርካሽ ነው እንጂ የስፖርት መኪና አምሮት አልነበረም። በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ከእርሱ ሌላ አምስት ሰዎች አሉ፤ በቤድስፔስ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው በዚያ ክፍል ውስጥ ከአልጋው መጋረጃ በቀር የራሱ የሆነ ነገር የለም። አንዱ የሌሊት ተረኛ ስለሆነ ቀን ይተኛል፤ ሌላው ማለዳ ስለሚነሣ በጊዜ ይተኛል፤ ስልክ የሚያወራ ሰው ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ልጁ ከእናቱ ጋር የሚነጋገረው ከሥራ ሲመለስ በመንገድ ላይ ነው። ስልኩ ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር ተገናኝቷል፤ እጁ መሪውን ይዟል፤ ደሴ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እናቱ ገና የማታውን እንጀራ አላቀረቡም። ብቻውን የሚሆንበት ክፍል በሕይወቱ ያለው ያ የመኪናው ውስጥ ብቻ ነው። ገንዘብ ሲያጣ የሚናገረው እዚያ ነው፤ ካለቀሰም የሚያለቅሰው እዚያ ነው።

እናቱ ግን ስልኩን መዝጋት ጀመሩ። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ በጣርማ በር መንገድ በመኪና አደጋ ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ሞተሩን ሲያስነሡና ሲያቆሙ ስንት ዓመት የሰሙት እኚህ እናት፣ መኪና ሲጨነቅና ሲፋጠን በጆሮአቸው ይለዩታል። ልጁ ሌላ መኪና ለመቅደም ነዳጅ በረገጠ ቁጥር የቱቦው ድምፅ ይነሣል፤ የስልኩ ማይክሮፎን ያንን ይወስዳል፤ ደሴ ላይ «ልጄ፣ ስንት ነው የምትነዳው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እየቆየ ጥያቄው ቀርቶ «በል ስትደርስ ደውል» ብቻ ሆነ። ሲደርስ ደግሞ ኮሪደሩ አለ።

እዚህ ላይ ለአምራቾቹ ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። የዛሬ መኪኖች ውስጣቸው ጸጥ ያለ ነው፤ መስታወቱ ወፍሯል፤ በሮቹ በላስቲክ ታሽገዋል፤ ተርቦ የተገጠመላቸው ሞተሮች ድምፅም የታፈነ ነው። ከውጭ የሚሰማውንም ሕግ ይወስነዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ደንብ የመኪና ድምፅ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ አዝዟል። (ይኸው ደንብ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ እግረኛ እንዲሰማቸው ድምፅ እንዲያወጡ ማዘዙ ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ የአንዱን ድምፅ ቀንሱ፣ ለሌላው ጨምሩ።) የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ግን ሞተሩን መስማት ይሻል። ስለዚህ አንዳንዶቹ እንደዚህ ያለ ቱቦ ዘረጉ፤ ሌሎቹ፣ ለምሳሌ ቢኤምደብልዩ በዚያው ዘመን በኤም 5 መኪናው ላይ፣ የሞተሩን ድምፅ በሙዚቃ ማጫወቻው ድምፅ ማጉያ በኩል ማሰማት ጀመሩ። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ አላያቸውም። በድምፅ ማጉያ የሚመጣው የተዘጋጀ ድምፅ ነው፤ በቱቦው የሚመጣው የሞተሩ የራሱ ትንፋሽ ነው። ቱቦው አይዋሽም፤ ያጋንናል እንጂ። ማጋነኑ ነው ደሴ ላይ ያሉትን እናት ያስፈራቸው፤ መኪናው 100 ሲሄድ 160 የሚሄድ ያህል ይሰማል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፋሸታዎቹ በካቻቢቴ ይላላሉ፤ ቱቦው የታሰረበት ብሎን ይፈታል፤ ቱቦው ይወጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው ከዚያ በኋላ ነው። አየር ማስገቢያው ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ከአየር ማጣሪያውና ከአየር መለኪያው በኋላ ያለ ነው። ክፍት ቢቀር ሞተሩ ያልተጣራና ያልተለካ አየር ይስባል፤ የነዳጁና የአየሩ መጠን ይዛባል፤ የማስጠንቀቂያው መብራት ይበራል፤ በዚህ በረሃ ደግሞ አሸዋ ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ ልኩ የሆነ ወፍራም የላስቲክ ታፖ ገብቶበት በፋሸታ መጥበቅ አለበት። በብረቱ ግድግዳ በኩል ያለውም ይደፈናል፤ ያለዚያ ሙቀትና የሞተር ሽታ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በጨርቅና በፕላስተር ደፍነው የሚልኩ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ሥራ ከአንድ የበጋ ሙቀት አያልፍም።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ነገርሁት። አንደኛው፣ የሚጠብቀውን ያህል ጸጥታ እንደማያገኝ ነው። ቱቦው የሚናገረው ነዳጅ ሲረገጥ ነው፤ በ120 እኩል ፍጥነት ሲሄድ የሚሰማው ጩኸት አብዛኛው የጎማና የነፋስ ነው፤ ያንን ታፖ አይደፍነውም። ጎማው ሲያልቅ ለስላሳ ጎማ ቢገዛ ይሻለዋል። ደግሞም የዚህ ሞተር የነዳጅ ፓምፕ ቆሞ ሲሠራ እንደ ሌሊት ፌንጣ የሚጮህበት ጊዜ አለ፤ ትልቁ ድምፅ ሲቀንስ ትንሹ ይሰማልና እንዳይደነግጥ አልሁት።

ሁለተኛው የከበደኝ ነው። ሹፌር ፍጥነቱን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ጭምር ነው፤ ጸጥ ያለ መኪና ውስጥ 140 እንደ 110 ይመስላል። እናቱም የሚጠብቁት በጆሮአቸው ነበር። «ቱቦውን ባወጣው ድምፁ ከአንተም ከእርሳቸውም ይሰወራል፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው» አልሁት። ልጁ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔ ከ120 አላልፍም» አለኝ። ይህን ሁሉም ይላል።

በባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሚሸጡ ብዙ መኪኖች ፍጥነታቸው 120 ሲያልፍ የሚጮህ ደወል እንዳላቸው እዚህ የነዳ ያውቃል። የሚያሰለች ደወል ነው፤ ሰው መኪና በገዛ ማግሥት ወደ ጋራዥ መጥቶ ያስነቅለዋል። የልጁ መኪና ደወል አልነበረውም። ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ ስመለከት የደወሉ ገመድ ከሶኬቱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል፤ የቀድሞው ባለቤት ሥራ መሆን አለበት። «ቱቦውን የማወጣልህ ይህን ከመለስሁ ነው» አልሁት።

ፊቱ ተለወጠ። «እማዬ ይሰሙታል እኮ!»

«አዎን፣ ይሰሙታል» አልሁት።

ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አሰበ፤ ከዚያም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ገመዱን ሰካሁት፤ ቱቦውን አወጣሁት፤ ቀዳዳዎቹን ደፈንሁ። ያወጣሁትንም ከነፋሸታው በላስቲክ ጠቅልዬ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ አስቀመጥሁለት፤ መኪናውን በሚሸጥበት ቀን ገዢው ድምፁን የሚወድ ሊሆን ይችላልና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘይት ሊቀይር መጣ። ጥሪው አሁን እስከ ሻርጃ መግቢያ ድረስ እንደሚዘልቅ፣ እናቱ የጎረቤቱን ሠርግ፣ የአተሩን ዋጋ፣ የታናሽ እኅቱን ፈተና ሁሉ እንደሚያወጉት ነገረኝ። ደወሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጮኸ ቀን «ልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን በኩል እያለፍህ ነው?» ብለው ጠይቀውታል። ምን እንደሆነ አስረዳቸው። ከዚያ ወዲህ ደወሉ ሲጮህ ንግግራቸውን እመካከል ላይ ያቋርጣሉ፤ ደወሉ ዝም እስኪል ድረስም፣ «እማዬ፣ አሉ?» ቢላቸው አይመልሱለትም።