ከመርጡለ ማርያም እስከ ባሌ፦ የዱር እንስሳትን ለማየት በአውሮፕላን ለሚጓዝ ቤተሰብ

«ሳፋሪ» የሚለው ቃል ለኛ ባዕድ አይደለም። ዓለም የወሰደው ከስዋሂሊ ነው፤ ስዋሂሊ ደግሞ ከዐረብኛው «ሰፈር» ያገኘው ሲሆን ጉዞ ማለት ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው በኬንያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና የሚደረገውን የሀብታሞች ሽርሽር ነው። እዚያ ጥቂት ሰዎችን የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን በፓርኩ መካከል በተጠረገ የአፈር ሜዳ ላይ ታርፋለች። የመንገደኛው ጓዝም ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ እንዳይበልጥና በለስላሳ ቦርሳ እንዲሆን ይጠየቃል።

ታዲያ በመርጡለ ማርያም፣ በቢቸናና በሞጣ ያለን ቤተሰቦች ልጆቻችንን ይዘን የአላህን (ሱ.ወ.) ፍጥረት ለማየት እንዲህ መጓዝ አንችልምን? አቅም ከተገኘ እንችላለን፤ ዳሩ ግን በሌላ መልኩ ነው። ትንሿን አውሮፕላን ለብቻ መከራየት ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። ነገር ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ መደበኛ በረራ ወደ ታላላቆቹ ፓርኮች አጠገብ ያደርሳል። ለሰሜን ተራሮች ጎንደር፣ ለባሌ ተራሮች ሮቤ፣ ለነጭ ሳር አርባ ምንጭ፣ ለማጎና ለኦሞ ጂንካ፣ ለጋምቤላ ፓርክ ጋምቤላ ከተማ ማረፊያ ይሆናሉ።

ጉዞው የሚጀመረው ግን በአውቶቡስ ነው። በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ከተደረሰ በኋላ፣ በቢቸና አውራጃ ጣሊያንን በተዋጋው አርበኛ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ከተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ይበረራል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሌም ሆነ ወደ ጋምቤላ የሚሄድ ሰው ከቦሌ ሌላ አውሮፕላን መያዝ አለበት። አንደኛው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው እንዳያመልጥ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ብልህነት ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚሄድ ግን ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና ይቀርባል፤ ከጎንደር ደባርቅም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው።

ሒሳብ ሲያዝ የትኬቱን ዋጋ ብቻ መቁጠር አይበቃም። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ፓርኩ የሚወስድ መኪና፣ የመግቢያ ክፍያ፣ የመሪና የጠባቂ አበል፣ ማደሪያና ስንቅ አለ። ምግብን በተመለከተ በየደረሱበት ሐላል ሥጋ ይገኛል ብሎ ከመተማመን ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር መያዝ ይሻላል። ሰላትን ማሳጠር ለመንገደኛ የተፈቀደ መሆኑን ለልጆች በተግባር ማስተማሪያውም ይኸው ጊዜ ነው።

ጤናም አይዘንጋ። በባሌ የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ስላለው ብርዱ ኃይለኛ ነው፤ ከፍታውም ራስ ምታት ያመጣል። ጋምቤላና ኦሞ ደግሞ የወባ አገር ስለሆኑ አስቀድሞ ሐኪም ማማከርና አጎበር መያዝ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የመንገዱ ሰላም ይጠየቅ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ቀን ቆርጦ ከመነሳት በፊት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ግድ ሆኗል። መንገዱ አስጊ ከሆነ ጉዞውን ማዘግየት አያሳፍርም።

ለአንድ ጊዜ ብቻ አቅም ላለው ቤተሰብ የኛ ምርጫ ባሌ ነው። ከሮቤ ዲንሾ የሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሩቅ አይደለም፤ በዚያም የደጋ አጋዘን በቅርብ ይታያል። በሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን ይገኛል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀን የተረፈው ሰው በሼህ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራውን ታላቅ ዋሻ ማየት ይችላል።

ነገር ግን ልጆቻችን አንድ ጥያቄ ሊጠይቁን ይገባል፤ እኛም መልስ ማዘጋጀት አለብን። ቀይ ቀበሮን ለማየት ይህን ያህል የምንርቀው ለምንድን ነው? ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራሳችን ጮቄ ተራራ ይኖር አልነበረምን? ይኖር ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ ጠፍቷል። እርሻና ግጦሽ ወደ ደጋው ጫፍ በወጣ ቁጥር የቀበሮው መኖሪያ ይጠብባል። ከመንጋ ጋር የሚወጣው ውሻም የእብደት በሽታ ያዛምትበታል። በባሌ ሳይቀር ይህ በሽታ በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ከመርጡለ ማርያም በዓባይ ማዶ፣ በወሎ በኩል የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። እኛ ያጣነውን ጎረቤቶቻችን ጠብቀዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስንበር ልጆቹን በመስኮት በኩል እናስቀምጣቸው። ሰማዩ ከጠራ የጎጃምን ደጋና የዓባይን በረሃ ያያሉ። ከባሌ ሲመለሱም ውሻን ማስከተብ፣ የቀረውን ጓሳ አለማረስና ችግኝ መትከል ለሩቅ ሰው የተተወ ሥራ እንዳልሆነ ይገባቸዋል። አደራው የኛ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን፤ አሚን።