ኅዳር ላይ ፀዳ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ አዘዞን አልፈው ፀዳን ያገኛሉ። ብዙዎቻችን ቡና እንኳ ሳንጠጣ እናልፋታለን። ባለፈው ኅዳር ግን ከልጆቻችን ጋር ባለቤቴ አክስት ቤት አደርን።

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ዝናቡ ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ ሰማዩ ይጠራል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ግን ሙቀቱን የሚይዝ ደመና ስለሌለ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹን በቲሸርት ብቻ ማምጣታችን አክስታችንን አስቆጣቸው፤ በጋቢ ጠቅልለው አስተኟቸው። እናንተ ጃኬት አትርሱ። ከአዘዞ ተገንጥላችሁ ወደ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር (1,800 ሜትር ገደማ) ስትወርዱ ታወልቁታላችሁ፤ ደባርቅ (2,800 ሜትር ገደማ) ከወጣችሁ ግን ሌላም መደረብ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ። ልጆቹ «ዝናብ! ዝናብ!» እያሉ ጨፈሩ። አክስታችን አልሳቁም። ጤፋቸው ታጭዶ ማሳው ላይ ነበር፤ አልተከመረም። ከዘነበበት ነዶው ይበሰብሳል፣ ፍሬው ይረግፋል። ጎረቤቶች ሳይጠሩ መጡ፤ እኛም በከተማ ጫማችን ነዶ ተሸከምን። ሲመሽ ደመናው ሳይዘንብ ወደ ጣና አለፈ። ልጆቹ አኮረፉ፤ አክስታችን ቡና አፈሉ።