ስለ እሽቅድምድም ብስክሌት አጽም

ከልጆቻችን አንዱ የብስክሌት እሽቅድምድም ከጀመረ ወዲህ በቤታችን በማዕድ ጊዜ የሚነሣው ነገር ሁሉ ስለ ክብደት ሆኗል። እርሱ ከሁሉ የቀለለውን ይሻል፤ እኛ ወላጆቹ ደግሞ በቍልቍለት ላይ የማይሰበረውን እንሻለን። ስለዚህ የሚሠራለት ፍሬም፣ ይኸውም የብስክሌቱ አጽም፣ ምን ዓይነት ሊሆን እንደሚገባው ከሠሪው ጋራ ተቀምጠን መረመርን።

ብዙ ሰው ብረት በወፈረ መጠን ዕድሜው ይረዝማል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው በቱቦው ወገብ ሳይሆን በመጋጠሚያው አጠገብ ነው። የነጂው ክብደትና የመንገዱ ንቅናቄ የሚከማቸው በዚያ ነው፤ የበያጁ እሳት የነካውም እዚያው ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ከምስማር ሠሪዎች ወገን የሆነው አልፍሬድ ሬይኖልድስ ከባልደረባው ከሂዊት ጋራ ሆኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያስጻፈበት ቱቦ ለዚህ መድኀኒት ሆነ፤ ጫፎቹ ወፍራም፣ ወገቡ ስስ ነው። በውጭ ሲያዩት ልኩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በውስጥ ተሰውሯል። ይኸው ቤት በ1935 ዓ.ም. ማንጋኒዝና ሞሊብዲነም የገባበትን፣ 531 የተባለውን ዓረብ ብረት አወጣ፤ ስሙም በእሽቅድምድም ነጂዎች ዘንድ ገነነ።

ልጃችን አሉሚኒየም ይሁንልኝ ብሎ ነበር። በእርግጥ ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ነው። ነገር ግን ብረት ሸክሙ ከተወሰነ ልክ ካላለፈ ቍጥር የሌለው ንቅናቄ ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን ትንሹም ሸክም ቢሆን ሲደጋገም እያደከመው ይሄዳል። ሠሪው ይህን አስቦ ቱቦውን ካላሰፋው በቀር ዕድሜው አጭር ነው። ደግሞም ብረቱ ቢሰነጠቅ እሳትና ጥሩ እጅ ያለው በያጅ ይጠግነዋል።

ብረቱን ከተቀበለ በኋላ ክርክሩ ወደ ውፍረት ዞረ። እርሱ ጫፉ 0.7፣ ወገቡ 0.4 ሚሊሜትር የሆነውን ፈለገ፤ እኛ 0.9 እና 0.6 የሆነውን። የተወደደ ብረት ከርካሹ ይልቅ ብርቱ ነው እንጂ ግትር አይደለም፤ ስለዚህ እጅግ ሲሳሳ ይለመጣል፣ በትንሽ ግጭትም ይጐደጕዳል። በሦስቱ ታላላቅ ቱቦዎች ልዩነቱ ሩብ ኪሎ ያህል ቢሆን ነው። (ልጃችን ከቤት ሲወጣ የሚጠጣውን ውኃ ግን አይመዝንም።)

በመጨረሻ የእኛ ልክ ጸና። ከፔዳሉ ማዞሪያ በታች ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ እንዲበሳና ቱቦው በውስጡ ዘይት እንዲቀባ አሳሰብን፤ ዝገት ከውስጥ ሲጀምር ማንም አያየውምና። የቀለሙን ነገር ለልጁ ተውንለት።